ጉራቻው ሽቦ

ባለፈው ሳምንት ዙህር ሰግጄ ስልኬን ስከፍት የአክስቴ ልጅ ጀማል የድምፅ መልእክት ልኮልኝ አገኘሁ። ሐጅ ሊሄድ ነው፤ እንደ ወጉም የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ነው። «ዘሀራ፣ ያኔ ሳጥንሽን አበላሽቼብሻለሁና አፉ በይኝ» ይላል። ካደግንባት ከሚሴ ርቄ በምኖርባት ጋምቤላ፣ መስገጃዬ ላይ እንደተቀመጥኩ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት።

ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የሳይንስ ክበባችን ከፎም የተቆረጠች ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው። ባትሪዋ ከክብሪት ሳጥን አይበልጥም፤ አሥር ደቂቃ ካበረረች ታልቃለች። በምናበርርባት ጨፋ ሜዳ ላይ ደግሞ መብራት ከየት ይመጣል? ስለዚህ የሞተር ሳይክል ባትሪ በእንጨት ሳጥን ከትቼ፣ ከተበላሸ ቻርጀር የነቀልኩትን ኃይል መቀነሻ ገጥሜ፣ ተሸክመነው የምንሄድ ቻርጅ ማድረጊያ አበጀሁ። ነገር ማረጋገጥ እወዳለሁ፤ እያንዳንዱን ሽቦ ቢስሚላህ እያልኩ ሦስት ጊዜ ፈትሻለሁ። ቀይ ሽቦ ስላለቀብኝ ብቻ ፖዘቲቩን ጠቆር ባለ ሰማያዊ ተካሁት። ኔጌቲቩ ጥቁር ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ሜዳው ሁሉ የደረቀ አገዳ ይሸታል። ሌላ ጥላ ስላልነበረ ከክምሩ ሥር ተቀመጥን። ባለቤቱ ሽማግሌ ትኩስ ንፍሮ ሰጡንና፣ «አደራ ልጆቼ፣ የዓመት ቀለባችን ነው። እሳት ነገር እንዳታስጠጉ» አሉን።

«እሳት የለውም አባባ፣ ባትሪ ነው» አልኳቸው።

የመጀመሪያው በረራ አማረ። ባትሪዋ ስታልቅ የክፍላችን ልጆች ከበቡን። «ቶሎ በሉ እንጂ፤ አለዚያ አውሮፕላናችሁ በባጃጅ ነው የምትመለሰው» ይላሉ። እኔ የተሰነጠቀ ክንፍ በፕላስተር እያሰርኩ ነበርና ቀና ሳልል ለጀማል፣ «ጉራቻውን ኔጌቲቩ ላይ እሰረው» አልኩት።

አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልን ነው የምናወራው። ለእኔ ጉራቻ ጥቁር ነው። ገጠር ከአያቱ ጋር ላደገው ለጀማል ግን ሰማዩም ጉራቻ ነው። ሁለት ጉራቻ ሽቦ አየ፤ ለእጁ የቀረበውን ሰማያዊውን ኔጌቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ፖዘቲቩ ላይ አሰረ።

ጥቂት ቆይቶ ጣፋጭ የሚመስል ክፉ ሽታ መጣ። ዞር ስል ባትሪዋ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍታለች። ፉጨት አሰማች፤ ጭስ ወጣ። ነፋሱ ወደ ክምሩ ነው የሚነፍሰው። ጀማል ባትሪዋን ከሽቦው መንጭቆ በባዶ እጁ ጨበጣትና፣ ጭሱ እየተከተለው፣ ወደታረሰው መሬት ሮጠ። ሲወረውራት አየር ላይ ነደደች። ሽማግሌው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ተቀመጡ። የሳጥኔ ኃይል መቀነሻ ተቃጥሎ፣ የጀማል መዳፍም ቆዳው ተገሽልጦ ነበር።

«ማን ነው ያሰረው?» አለ ክበቡን ይዞ የመጣው መምህራችን።

«እኔ ነኝ» አለ ጀማል።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ጀማል ከክበቡ ተባረረ። ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጀማል ጭሱ» ሆነ።

መልእክቱን እንደሰማሁ ደወልኩለት። «ጉራቻ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ እኮ» አለና ሳቀ። «የቱን ጉራቻ ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮ ምን ነበረበት? ተይው በቃ፣ አፉ ብዬሻለሁ።»

እርሱ አፉ አለኝ፤ እኔን ግን አላሳረፈኝም። ዝም ያልኩት በሰው ፊት ነው፤ መናገርም ያለብኝ በሰው ፊት ነው።

ስለዚህ የዚያን ቀን አውድማው አጠገብ የነበራችሁ የክፍላችን ልጆች፣ ሲመለስ «ሐጂ ጭሱ» እያላችሁ ልትቀልዱበት እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁና፣ ስለ አላህ ብላችሁ ተዉት። የጀማል ልጆች ስለ መዳፉ ጠባሳ ሲጠይቋችሁም፣ ባትሪዋን ከክምሩ ያራቃት አባታቸው መሆኑን፣ አሳስታ የነገረችው ግን አክስታቸው ዘሀራ መሆኗን ንገሯቸው።