የሠሪው ክርስትና ስም

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ። የእኔ ነቅዞ አልቋል፤ ያውም በገዛ ሚስቴ ቀንቼ!

ዓለምነው እባላለሁ። እንጅባራ፣ እኛ ቆሰበር በምንላት ከተማ፣ ጓሮዬ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሃያ ሁለት ዓመት ወይራ እየጠረብሁ የእጅ መስቀል ሠርቻለሁ። ሚስቴ ፋና ማለስለሱን ብቻ ታግዘኝ ነበር። ባለፈው እኔ ጫግኒ መስቀል ልሸጥ ሄጄ ሦስት ቀን ብቆይ፣ ለካ እሷ መሮዬን አንስታ አንድ መስቀል ከነሐረጉ ፈልፍላ ጠበቀችኝ።

"እስኪ እየው፤ ገና አልተባረከም፣ እንጨት ነው። ካላማረ ለማገዶ ይሁን" አለችኝ እየሳቀች።

ምኑ ነው የማያምረው! ሐረጉ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ ሲወጣ መጀመሪያውም መጨረሻውም አይታወቅ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ሐረግ ወጥቶልኝ አያውቅም። እርር ድብን አልሁ። "ደህና ነው" አልሁና ከእኔዎቹ ሥር ሸሸግሁት።

በሳምንቱ የደብራችን ቄስ ይኸነው ለራሳቸው የሚይዙትን መስቀል ሊመርጡ መጡ። ያን ሁሉ የእኔን ሥራ ገፋ ገፋ አድርገው ከሥር ያወጡት እሱኑ ነው! ወይ ጉድ!

"ዓለምነው፣ ይኸስ የሰው እጅ የሠራው አይመስልም" አሉ እያገላበጡ። "እሁድ ስባርከው ሠሪውን በስም አነሳዋለሁ። ክርስትና ስምህን ንገረኝ።"

ፋና በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። የእሷ ክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው፤ ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ በበቃኝ። ግን አገሩ ምን ይላል? ዓለምነው ከሚስቱ አነሰ ይበለኝ? ሞቼ ነው!

"ወልደ ሚካኤል ነኝ፣ አባ" አልኋቸው።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ ጠብ ጠበቅሁ። ትሰድበኝና እገላገላለሁ ብዬ። እሷ እቴ! "እራትህን ብላ" አለችኝ። ሳልቀምሰው ገፍቼ ተነሳሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ይኸነው መስቀሉን ባርከው ከፍ አደረጉና፣ "ይህን መስቀል የሠራውን ወልደ ሚካኤልን እግዚአብሔር ያስብልን፣ እጁን ይባርክልን!" አሉ። ሕዝቡ "አሜን" አለ። የእኔ ከንፈር ተጣብቆ ቀረ። ከሴቶቹ በኩል የፋናን ድምፅ ለየሁት፤ "አሜን" አለች። ከልቧ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ ድምፅዋ አይጠፋኝም።

በዚያች አሜን እንኳ ቀናሁባት።