አባል ያደረገችኝ ጓደኛዬ

ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ያስገባችኝ እሷ ናት። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም በኋላ እኔ እሷን እንዳሳሳትኳት ተደርጎ ሲወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሁለታችንም ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም ዶክትሬታችንን እንሠራ ነበር። የተዋወቅነው አንድ ማሽን አልሠራ ብሎኝ በአማርኛ ስረግመው ከበሩ ላይ ቆማ ሰምታኝ ነው።

«ኧረ አንቺ፣ የሰው አገር ማሽን እንዲህ አይሰደብም!» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳችን አንድ ላይ ሆነ። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጊንሃይም ሰፈር፣ ከቴሌቪዥን ማማው ሥር ካሉት የኪራይ ቤቶች በአንዱ ከትንሽ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጅቷ በአማርኛ ስናናግራት በጀርመንኛ ነው የምትመልስልን።

ተማሪም ሠራተኛም ነበርን። ላብራቶሪውን የምናንቀሳቅሰው፣ ጀማሪዎቹን የምናስተምረው፣ ፈተና የምናርመው እኛ ነን፤ ቅሬታ ስናነሳ ግን «እናንተ እኮ እየተማራችሁ ነው» እንባላለን። የሥራ ውሉን ሁላችንም ፌርትራግ ነበር የምንለው፤ እሱም በየጥቂት ወሩ ያልቃል። ለጀርመኑ ባልደረባችን ይህ ራስ ምታት ነው። የእኛ የመኖሪያ ፈቃድ ግን ከፌርትራጉ ጋር የተቋጠረ ስለሆነ፣ እሱ ሲያልቅ አገሩም ያልቃል።

እናቴ አዲስ አበባ ታማ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ፕሮፌሰሬን ፈቃድ ጠየቅኩት። «የጀመርሽውን ልኬት ማን ይጨርሰዋል?» አለኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ያገኘችኝ እሷ ናት። እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ወሰደችኝ። እዚያ ያለችው ሴትዮ አዳመጠችኝና ስልክ አንስታ ደወለች። ፈቃዱ ለካ በሕግ የሚገባኝ ነበር፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ። ሄጄ እናቴን አስታመምኩ። ስመለስ አባል ሆንኩ፤ ትንሽ ቆይቼም ከእሷ ጋር ሌሎችን መመልመል ጀመርኩ።

በምልመላ እሷን የሚያክል አላየሁም። እኔ ስለ መብት፣ ስለ ሕግ ስዘበዝብ ሰው ሰዓቱን ያያል። «መጀመሪያ ስለ ማኅበር አታውሪ» ትለኝ ነበር። «እንቅልፍሽ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቂያትና ዝም በይ። ዝምታውን አትፍሪው፤ የሚመጣው ነገር ከዚያ በኋላ ነው።» እንዳለችው አደረግኩ፤ ሠራም። በሻይ ቤቱ፣ በመለኪያ ክፍሉ፣ ኡባን የምንለውን የምድር ውስጥ ባቡር ስንጠብቅ፣ ሰዎች ለማንም ያልነገሩትን ይነግሩናል። አንዱ ሠርጉን ሦስቴ እንዳስተላለፈ፣ አንዷ ማርገዟን ደብቃ ኬሚካል ውስጥ እንደምትሠራ። የሁሉም መጨረሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቪዛዬን አይነካብኝም?»

በጣም የፈራችው አንዲት ኮሎምቢያዊት ነበረች። አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ ነው የምትሠራው። ብዙ ጊዜ ወሰደችብን። በመጨረሻ ከሁለታችን ጋር ምሳ በላችና፣ «እናንተ የአንድ አገር ልጆች ናችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ትተማመናላችሁ፤ እኔም አምናችኋለሁ» ብላ ማኅበሩ ገባች።

በፀደይ ማኅበሩ የማስጠንቀቂያ አድማ፣ የአንድ ቀን ሥራ ማቆም፣ ጠራ። ከእኛ ተቋም የዶክትሬት ተማሪዎች አድማ ሲመቱ የመጀመሪያው ሊሆን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ ቤት ሄድኩ። ፓስታ በበርበሬ ቀቅላልን እየበላን፣ ማን ይወጣል፣ ማን ያመነታል እያልን እናወራለን። ስለ ፕሮፌሰሬ ስናነሳ፣ «ሰውዬው እኮ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ካልጠመዘዙት አይንቀሳቀስም» አልኳት። ሳቅ አፈናት። ልጇ ምን እንደሚያስቀን በጀርመንኛ ብትጠይቅ ለማስረዳት ስንሞክር ይባስ ሳቅን።

በዚያው ሳምንት ፕሮፌሰሩ ቢሮው አስጠራኝ። ፈገግ እንዳለ ወንበር አሳየኝ።

«የግድግዳ ሰዓት ነኝ አሉ» አለኝ። «አሮጌ። መጠምዘዝ የሚያስፈልገኝ።»

እሱ ግን አልተቆጣም፤ ይልቅ እንደ መምከር አድርጎ፣ አድማ የሚመታ ሰው ስለ ፕሮጀክቱ ግድ እንደሌለው እንደሚያሳይ ነገረኝ። ልወጣ ስነሳ፣ «ጎረቤትሽ ኮሎምቢያዊቷም ብታስብበት ይሻላታል» አለኝ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። ጆሮ ቢኖረውም የዚህ አገር ግድግዳ አማርኛ አያውቅም። ያንን ቀልድ በሕይወቴ አንዴ፣ በአንድ ወጥ ቤት፣ ለአንድ ሰው ነው የተናገርኩት። ደረጃውን ስወርድ ምናልባት ልጅቷ አውርታው ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የሙአለ ሕፃናት ልጅ ከፕሮፌሰር ጋር የት ተገናኝታ ታወራለች?

ልጇን ከምታወጣበት ሙአለ ሕፃናት በር ላይ ጠበቅኳት። ስታየኝ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ፊቴን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ነገርሽው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«የሰዓቱን።»

ዝም አለች። ያስተማረችኝ ዝምታ ነው፤ እኔም አልሞላሁላትም።

«ለክፋት አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ሰዎች ምን ያህል እንደተማረሩ ይወቅ ብዬ ነው። እሱና የተቋሙ አስተዳደር አነጋገሩኝ፤ እኔም ተናገርኩ። ከዶክትሬቴ በኋላ ቦታ ሊሰጡኝ ነው፤ ረጅም ፌርትራግ።»

«ስለ ኮሎምቢያዊቷስ?»

«እሷ ላይ ምንም አይደርስም ብለውኛል።»

«ለስንቱ ሰው ነው እንቅልፍሽ እንዴት ነው ያልሽው? እሱንም ሁሉ ነገርሽው?»

«አትጩኺ፣ ሰው ያየናል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ልጅ አለኝ። አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ ቢያስወጡሽ ሌላ ቦታ ታገኛለሽ። እኔ ይህችን ይዤ የት እሄዳለሁ?»

በሩ ተከፍቶ ልጅቷ ሮጣ ወጣችና እግሬን አቀፈችኝ። ፀጉሯን ዳበስኩላትና ሄድኩ። ኡባን ውስጥ እንባዬ ሲወርድ አንዲት አሮጊት መሐረብ ሰጠችኝ።

ለኮሎምቢያዊቷ መንገር የእኔ ዕዳ ነበር። ነገርኳት። ጓንቷን አውልቃ ቁጭ አለች። «እህትማማቾች ትመስሉኝ ነበር» አለች። ከማኅበሩ ወጣች፤ ከእኔም ጋር ከሥራ በቀር ማውራት ተወች። አልፈርድባትም።

የአድማው ቀን ከእኛ ሕንፃ የወጣነው በጣት የምንቆጠር ነን። ማኅበሩ ያለበሰን የአድማ ሰደርያ ይሰፋን ነበር። ጓደኛዬ እንደ ሌላው ቀን መጣች። የምታልፈው በአጠገባችን ነው፤ ሌላ በር የለም። መታወቂያዋን በሩ ላይ አስነክታ ገባች። አላየችኝም። አይታኛለች፤ ግን አላየችኝም።

ፌርትራጌ ሲያልቅ አላደሱልኝም። የፕሮጀክቱ ገንዘብ አልቋል አሉ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላ ቡድን እስካገኝ ድረስ የማኅበሩ ጠበቃ በመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ረዳኝ፤ ኦስትኤንድ ሰፈር ቢሮ እያጸዳሁም ቆየሁ። በኋላ ማኅበሩ ከአሠሪዎቹ ጋር ያደረገው ድርድር ተሳክቶ ለዶክትሬት ተማሪዎች ከበፊቱ የተሻለ የውል ዘመን ተፈቀደ። የደከምንበት ነገር እሷንም ኮሎምቢያዊቷንም ደረሳቸው። ደስ ብሎኛል።

ነገሩ በሐበሻው ሲናፈስ አንድ ጋሼ ሊያስታርቁን ጠሩን። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው በአብዮቱ ምክንያት እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ኖርድቬስትሽታት ሰፈር፣ ከገበያ አዳራሹ በላይ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ይኖራሉ። ሁለታችንን ፊት ለፊት አስቀመጡን።

«ልጆቼ» አሉ፣ «በእኛ ጊዜ ጓደኛ ጓደኛውን ሲሰጥ ሰው ይሞት ነበር። አሁን የሞተ የለም። እናንተ አገር የሌላችሁ ሁለት ሴቶች ናችሁ፤ ተጣልታችሁ የት ልትደርሱ?»

እሷ ተነስታ፣ «ይቅር በይኝ» አለችኝ። የምታየው ግን ጋሼን ነው።

«ለምኑ?» አልኳት።

«ላስቀየምኩሽ።»

«ስላስቀየምሽኝ አይደለም። ምን ምን እንደነገርሽው፣ የማንን የማንን እንደነገርሽው ንገሪኝ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ሽምግልና ምርመራ አይደለም።»

«ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ግን ምን እንደሆነ ያላወቅኩትን ነገር እንዴት አድርጌ ልተወው?»

ተነስቼ ትከሻቸውን ስሜ ወጣሁ። ተቀይመዋል ብዬ ነበር፤ ግን ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ አሳንሰሩ ድረስ ሸኙኝ። ቁልፉን ተጭነው ቆሙ።

«እኔን ለደርግ ኤምባሲ አሳልፎ የሰጠኝ ሰው እዚሁ ፍራንክፈርት ኖሮ ሞተ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ማዕድ እንቀርብ ነበር። ቀብሩም ላይ ቆሜያለሁ። ለምን ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።»

«ለምን አልጠየቁትም?»

«ቢመልስልኝስ ብዬ።»

አሳንሰሩ መጣ። እሳቸው ወደ እሷ ተመለሱ፤ እንግዳ ብቻዋን አይተዉም። እኔ ወረድኩና በገበያው መሐል አልፌ ወደ ኡባኑ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። እሷም የጠየቅኳትን አልነገረችኝም።