በገዛ ልጄ ማሲንቆ ቀናሁ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የሆነ ነው። ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ በባልንጀራው ይቀናል፤ እኔ የቀናሁት ከማሕፀኔ በወጣች ልጅ ስለሆነ አይረሳኝም።

ያደግሁት እንፍራንዝ ነው። ልጅ ሳለሁ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ሰምቼ ልማር ብል፣ አባቴ «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም! ያውም ሴት!» ብሎ አፌን አስዘጋኝ። አሁን ጎንደር ከተማ ነርስ ነኝ። ልጄ ምንታምር በምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ሴት ወንድ፣ የማን ልጅ ሳይል ለፈለገ ሁሉ ማሲንቆ ማስተማር ጀመረ። መሣሪያው ጥቂት ስለሆነ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ በተራ ወደ ቤት ይወስዱታል።

የምንታምር ተራ ሲደርስ ቤታችን ዘፈን በዘፈን ሆነ። ጎረቤቱ «እሰይ፣ ሸጋ ልጅ!» ሲላት እኔ ጓዳ ገብቼ ድስት አንኳኳለሁ። ለእኔ የተከለከለው ለእሷ እንዲህ በቀላሉ!

ሐሙስ ዕለት ቤቱ ጭር ሲል አነሣሁት። ብገዘግዘው፣ ብገዘግዘው ሲጢጥ ብቻ ነው። የፈረስ ጭራውን ብዳስሰው ደርቋል። የደረቀ ጠጉር ምን ይወዳል? ቅቤ! የክሩንም የደጋኑንም ጭራ አጥግቤ ቀባሁት። ከዚያ በኋላ ሲጢጡም ጠፋ።

ምንታምር ከትምህርት ቤት መጥታ ደጋኑን ብትስበው ዝም። አሸተተችው።

«እማዬ፣ ቅቤ ቀባሽው? ምነው? ሰኞ እኮ ለሌላ ልጅ ነው የሚሰጠው!»

ይቅርታ በማለት ፈንታ ጮህኩባት። «ለአንቺማ ምን አለብሽ! እኔ ባንቺ ዕድሜ ብነካው ጣቴ ይቆረጥ ነበር!» ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

በማግሥቱ ማሲንቆውን ይዘን አብረን ወደ መምህሩ ሄድን። «ኧረ ምነው እትዬ! ቅቤ ለራስ ነው፤ ይሄ የሚወደው ሙጫ ነው፤ ጭራው ካልሻከረ አይጮህም» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጭራውን በሳሙና ያጥበው ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምንታምር አልሳቀችም። «ቲቸር፣ እሷም ትማር» አለችው። መሣሪያው ለተማሪው እንኳ እንዳልበቃ ሲነግራት፣ «የእኔን ተራ ትውሰደው» አለች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ መሐል ቁጭ ብዬ እማራለሁ። ጣቴ ገና አልታዘዘልኝም። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ዛሬ የምቀናው በሆዷ ስፋት ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ማሲንቆ አግኝቼ ቢሆን፣ እንኳን ለጮኸችብኝ ለሳመችኝም እናት ተራዬን አልሰጥም ነበር።