ሩዝ በበርበሬ ስሌት

ፍኖተ ሰላም ላይ በርበሬ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። "እጄ ሚዛን ነው" ብዬ ጉራዬን ሳልነዛ የዋልኩበት ቀን የለም። አንድ ዛላ በርበሬ ጨብጬ የበርበሬውን ብቻ ሳይሆን ያበቀለውን ገበሬ ኪሎ እናገራለሁ። ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ጉድ የሠራኝ ይኸው አፌ ነው።

ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ። የሠርጉን ወጥ ቤት የያዙት አክስቱ ነበሩ፤ ከጅጋ እስከ ቡሬ ለድግስ የሚጠሩ ባለሙያ፣ ሚዛን በሚባል ነገር ግን የማያምኑ። ሁሉን የሚሰፍሩት በአንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ነው። "አርባ ጣሳ ሩዝ ይበቃል" አሉ። እኔም ለንግዴ ቡሬ እወርድ ስለነበር "ሩዙን ለእኔ ተዉት" ብዬ ዘው አልኩ።

የቡሬው ባለሱቅ "ስንት ኪሎ?" ሲለኝ ዓይኔን አላሸሁም። የአክስቲቱን ጣሳ የምታክል ጣሳ እኔም ሱቅ አለችኝ፤ በርበሬ ዱቄት ሁለት ጣሳ አንድ ኪሎ ይወጣዋል።

"ሃያ ኪሎ!" አልኩ።

እሑድ ጠዋት፣ ውሃው በትልልቁ ድስት እየተንፈቀፈቀ፣ አክስቲቱ ጆንያውን ፈቱ። እኛ አገር እህል ሲሰፈር ወሬ የለም፤ በረከቱ ይሸሻል። የመጀመሪያዋን "ቢስሚላህ" ብለው፣ ጫፍ እስኪያወጣ ከምረው ገለበጡ። ሁለት። ሦስት። አሥር ላይ ጆንያው ወገቡ ጎበጠ። አሥራ አምስት ላይ ላቤ የቆጋን ግድብ ይሞላ ጀመር። መናገር አይቻል፤ መሮጥም አይቻል። ሃያ አንድ ላይ የጆንያውን ጥግ አራገፉ።

"ሌላው ጆንያስ?"

"የቱ ሌላ፣ እማማ?"

"አርባ አላልኩህም?"

"ሁለት ጣሳ አንድ ኪሎ ነው ብዬ..."

አንዷን ጣሳ ሞልተው መዳፌ ላይ አስቀመጧት። "በል፣ ሚዛኑ እጅህ ምን አለ?"

እጄ ቁልቁል ወረደ። አንድ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው! የበርበሬ ዱቄት ግማሹ አየር መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

"ጎረቤትህ እንዳይሰማ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ስድስት ሰዓት ሙሽራው ከነዘመዱ ይገባል። በሰው ፊት ድስት ጎደለበት ከሚባል እኔ ልሙት።"

ሦስት ሰዓት ቀርቶናል። ሩዝ በብዛት የሚሸጡት ነጋዴዎች ደግሞ ሱቃቸውን ዘግተው እዚያው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዱ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

"ሱቅህን ክፈትልኝ። ሩዝ ፈልጌ ነው።"

"ሠርግ ቤት ቁጭ ብለህ ሩዝ አማረህ?" ብሎ ጮኸ። ጎረቤቴ ከዳሱ በር ዞረ።

"ምንድን ነው?"

"ቀልድ ነው" አልኩት። እሱም ቀልዴን የለመደ ነውና ስቆ አለፈ።

ሰውዬውን እየጎተትኩ በባጃጅ ሄድን። ሱቁ ውስጥ የተገኘው አሥራ አምስት ኪሎ ብቻ ነው። ሲሰፈር ቆጠራው ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመ። አራት ጣሳ ጎደለ፤ ሩዙ ለስድስት ሰዓት እንዲደርስ ደግሞ ሌላ ሱቅ ለማስከፈት ጊዜ የለም። እንግዳው ሲገባ አክስቲቱ ጭልፋውን ከአሳላፊዎቹ ተቀብለው ራሳቸው ጨለፉ፤ ሰሐኑ ሙሉ መስሎ እንዲታይ ሩዙን ሳይጠቀጥቁ እየቆለሉ፣ ሥጋውን ከላይ እየደረደሩ። እኔ የሚወጣውን ሰሐን እቆጥራለሁ። የሙሽራው ሚዜዎች "ይደገመን!" አሉ። ተደገማቸው።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ባዶ ሰሐኑን ይዞ መጣ። እንግዳ ሳይጠግብ አልበላም ብሎ ነው። ድስቱ ውስጥ የቀረው ከሥር የያዘው እርር ያለ ቅርፊት ብቻ ነበር። አክስቱ እኔን አዩኝ።

"እኔ ነኝ ያጎደልኩት" አልኩት። "ሩዙን በበርበሬ ሂሳብ ገዝቼ።"

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ዛሬ እንኳ ቀልድህን አትተውም!" ብሎ ቅርፊቱን በማንኪያ እየፋቀ በላ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እውነቴን ነው እላለሁ፤ እሱ እየፋቀ ይስቃል።