በሌለ መስጊድ የመሰከርኩት

ባለፈው ሐሙስ ከቦዲቲ ወደ ሶዶ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ከፈተ። ድምፁን አልቀነሰም። አሜሪካን አገኘ እየተባልን የተማርነው መርከበኛ ከመድረሱ በፊት ሙስሊሞች እዚያ ደርሰው እንደነበር፣ መርከበኛው ራሱ ከባሕሩ ጠረፍ ባለ ተራራ ላይ መስጊድ ማየቱን በማስታወሻው እንደጻፈ፣ ይህ ሁሉ ግን እንደተደበቀብን ተራኪው ያወራል። ወጣቱ ሻርፔን አየና ደስ እንዲለኝ ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለው። ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት።

«ማዘር፣ የተረጋገጠ ነው» አለኝ።

ማን እንዳረጋገጠው ስጠይቀው ግራ ገባው። በእሱ የተቆጣሁ መስሎት የጆሮ ማዳመጫውን ሰካና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በእሱ አልነበረም የተቆጣሁት። ያንኑ ነገር እኔም ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት በስምንት ገጽ ወረቀት ላይ አንብቤዋለሁ፤ አምኜዋለሁም። ማመኔ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚያ ወረቀት የተነሳ የአንድ ሰው እንጀራ ሲቋረጥ እኔም እጄ አለበት፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሶዶ ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈተው እኔ ሳልወለድ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። ቤት ውስጥ ስልጢኛ፣ ከደንበኛ ጋር ወላይትኛ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛ እየተናገርኩ አደግሁ። አባቴ ሶላቱን የማያስተጓጉል፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ሚዛን ላይ ጨው ሲያደርግ ትንፋሹን ይይዝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አስራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ታሪክ የሚያስተምረን ቲቸር አንጁሎ የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ከሶዶ ወጣ ያለችው የጉኑኖ ልጅ ነበር። ሶዶ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ይሄድና ሰኞ ጠዋት የበልጉ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለጥፎበት ይመለሳል። የተቀቀለ ጎደሬና ዳታ ይዞ ይመጣል፤ በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ጎደሬውን በዚያ በሚያቃጥል እርጥብ በርበሬ እያጠቀሰ ሲበላ ያለፈውን ተማሪ ሁሉ ይጋብዛል። ጴንጤ ነበር፤ እሁድ እሁድ መዝሙር እንደሚመራ እናውቃለን። ክፍል ውስጥ ግን ስለ እምነቱ ሲያነሳ ሰምተነው አናውቅም።

ከክፍላችን ባሕር ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ትልቅ ውሃ ሲባል የሚመጣልን አባያ ሐይቅ ነው፤ እሱንም ያየነው ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ ከአውቶብስ መስኮት ነው። አንጁሎ የሕንድን ውቅያኖስ በሰማያዊ ጠመኔ ሳለልን። ነፋሱ ግማሹን ዓመት ወዲህ፣ ግማሹን ዓመት ወዲያ እንደሚነፍስ ነገረን። የዓረብና የሕንድ መርከበኞች ይህን አውቀው፣ ኮከብ እየለኩ፣ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው ከመቶዎች ዓመታት በፊት ይመላለሱበት እንደነበር አስረዳን። ከስልሳ ምናምን ተማሪዎች ሙስሊሞቹ አራት ብቻ ነበርን። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ልብ በሉልኝ። በኋላ ሃይማኖታችንን ሰደበ ብለን የከሰስነው ይህንኑ ሰው ነው።

ጊዜው ደርግ ወድቆ ሃይማኖት ከጓዳ ወደ አደባባይ የወጣበት ነበር። የሁሉም እምነት ካሴትና በራሪ ጽሑፍ በየመንገዱ ይሸጣል። የአክስቴ ልጅ ነስሩ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ አንደበቱ ስሎ፣ ወጣቶችን የሚሰበስብ ሰው ሆኖ መጣ። እሱ ያዘጋጀውን ስምንት ገጽ ጽሑፍ አባዝቶ አደለን። የተራራው መስጊድ ታሪክ ያለው አራተኛው ገጽ ላይ ነው፤ በቃሌ ያዝኩት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ቲቸር አንጁሎ ይህን ለምን እንደዘለለብን ጠየቅሁት።

አልሳቀም። «አላውቅም» አለ። «ማስታወሻውን ፈልገን እንየው። እንደዚያ የሚል ከሆነ ራሴ አስተምረዋለሁ።»

መምህር አላውቅም ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ያሸነፍኩት መሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በእረፍት ሰዓት አስጠራኝ። አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ጓደኛው የመርከበኛውን ማስታወሻ የእንግሊዝኛ ትርጉም በሰው ልኮለት ነበር። ገጹን ገልጦ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አደረገና እንዳነብ ነገረኝ። አነበብኩ። መርከበኛው ስለ አንድ ተራራ ውበት እያወራ ነው። በአናቱ ላይ ሌላ ትንሽ ኮረብታ አለው፤ ኮረብታው የሚያምር መስጊድ ይመስላል ይላል። ይመስላል። ደግሜ አነበብኩት። ሕንጻ የለም፣ የሚሰግድ ሰው የለም። ድንጋይና ሣር ነው።

 አንጁሎ የዓረብ መርከበኞች የሕንድን ውቅያኖስ ቀድመው ማወቃቸው ማስረጃ ያለው እውነት መሆኑን፣ ያንን ማንም እንደማይወስድብን፣ ይኼኛው ግን ማስረጃ እንደማይሆን በቀስታ ነገረኝ። ክፍል ውስጥ ጉዳዩን እሱ እንደማያነሳውም ነገረኝ። «ጥያቄው ያንቺ ነው» አለ። «ስትፈልጊ አንቺው ንገሪያቸው።»

እንዳላፍር ብሎ ነው። ይህ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝ ሳለ ነው ቀጥዬ የምነግራችሁን ያደረግሁት።

በቀጥታ ወደ ነስሩ ሄድኩ። ያነበብኩትን ስነግረው ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልደነገጠም። ያውቅ ነበር። «ያቺን ቃል የተውኳት ሰው ግራ እንዳይገባው ብዬ ነው» አለኝ፣ ከሰነድ ላይ ቃል መቁረጥ ሽንኩርት እንደ መላጥ የሚቆጠር ይመስል። ከዚያ ነገሩን ገለበጠው። አንድ ጴንጤ መምህር አንዲት ሙስሊም ተማሪ ለብቻዋ ጠርቶ እምነቷን ሊሸረሽር ሞከረ ማለት ነው አለ። መስጊድን ድንጋይና ሣር ነው አለ ማለት ነው አለ። ድንጋይና ሣር ያልኩት እኔ ነኝ፣ እዚያው ለእሱ ስነግረው። አላረምኩትም።

በሳምንቱ ነስሩ ያዘጋጀው የክስ ደብዳቤ ትምህርት ቤት ደረሰ። ፈርሜበታለሁ። ለምን ፈረምሽ ብትሉኝ፣ አራት ሆነን በምንቀመጥበት ክፍል ውስጥ የእኔ የሚባል ነገር ፈልጌ ስለነበር ነው። ሲያገኙት ደግሞ ማጣት ያስፈራል። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም።

ዳይሬክተሩ ነገሩ እንዳይጋጋል ፈርቶ ሦስት የሙስሊም ሽማግሌዎች ጠራ። አንዱ አባቴ ነበር። ወደ ቢሮው ስገባ አንጁሎ በአንድ በኩል፣ አባቴ በሌላው ተቀምጠዋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ዳይሬክተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ መምህሩ በሃይማኖቴ አላግጦ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩ።

አንጁሎ ቀና አለ። አየኝ ብቻ። የተገረመም አይመስልም ነበር፤ የሒሳብ መልስ ስህተት የወጣበት ሰው ዓይነት ነው ያየኝ።

በዚያ ሳምንት አባቴ ቤት ውስጥ አላነጋገረኝም። ቅዳሜ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሱቁን ዘጋና ተከተይኝ አለኝ። የት እንደምንሄድ ያወቅሁት አንጁሎ የተከራየበት ግቢ ስንደርስ ነው። ወደ ጉኑኖ አልሄደም፤ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር። አባቴ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

«መምህር፣ ለልጄ ያሳዩአትን እኔም ልየው» አለው።

አባቴ እንግሊዝኛ አያነብም። መጽሐፉን እኔ ያዝኩ። ቃል በቃል ወደ ስልጢኛ እየመለስኩ አነበብኩለት፤ እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ አነበብኳት። አባቴ በአማርኛ፣ አንጁሎም እንዲሰማ፣ ጠየቀኝ።

«ይመስላል ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«መምህሩ ሲያሳይሽ አላገጠብሽ?»

«አላገጠብኝም።»

አባቴን ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀንም አልጮኸም፤ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ዘጋው። «እኔ የምሰግደው አሜሪካ ተራራ ላይ መስጊድ ስለተገኘ አይደለም» አለኝ። «ባይገኝም ነገ እሰግዳለሁ። በሐሰት መመስከር ግን ከትልልቆቹ ኃጢአቶች ነው። ሃይማኖቴን የሰደበው ይህ ሰው ሳይሆን አንቺ ነሽ።»

ሰኞ አባቴ ዳይሬክተሩ ጋ ወሰደኝና የሰጠሁትን ምስክርነት አነሳሁ። ዳይሬክተሩ ሰማኝ፤ አዘነም። ነገር ግን ወረቀቱ ወደ በላይ ሄዷል፣ የመምህሩ ዝውውር ተፈርሟል፣ አሁን ቢነካካ ሌላ እሳት ይነሳል አለ። ሁሉም ሰው እውነቱን አወቀ፤ ሁሉም ሰው እንዳለ ይሁን አለ። አባቴ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰዎች ፊት ነስሩን አስቁሞ ጽሑፉ ውሸት መሆኑን ተናገረ። ነስሩ ለዲን፣ ለሃይማኖቱ ብሎ እንዳደረገው መለሰ። አባቴ ዲን የእሱን ውሸት እንደማይፈልግ ነገረው። ከዚያ በኋላ ሱቃችን በራፍ ላይ ይሰበሰቡ ከነበሩት አንዳንዶቹ እግራቸውን አሳጠሩ፤ ነስሩ ጋ ግን የሚሰበሰበው ወጣት ጨመረ።

አንጁሎ ተበላ ከምትባለው ከተማ አልፎ ቆላ ውስጥ ወዳለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተላከ። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት አባቴ እዚያም ወሰደኝ። በገበያ ቀን እስከ ተበላ በመኪና ሄድን፤ የቀረውን በቆሎ እርሻ መሃል ለመሃል በእግራችን አቀናን። ሙቀቱ ከሶዶ አየር ጋር አይገናኝም። አንጁሎ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ማባዛት እያስተማረ አገኘነው። ወባ ይዞት ስለነበር ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ዛፍ ሥር አስቀመጠን፣ ውሃ አስመጣልን። ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ይቅርታሽን ሰምቻለሁ» አለኝ። «ክፍሌን ግን ልትመልሽልኝ አትችይም።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። እስከ ዛሬ የማከብረው ለዚህም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ማስተማሩን ትቶ ጉኑኖ ገብቶ እርሻ ጀመረ። ታሪክ ያስተማረበት ክፍል ያ የእኛው የመጨረሻው ሆነ።

እኔ የታሪክ መምህርት ሆኜ ሃያ ስምንት ዓመት አስተማርኩ። አባቴ ሞቷል። ነስሩ አለ፤ የተከበረ ሰው ነው፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ብሎ ሰላም ይለኛል። ያንን ጽሑፍ የረሳው ይመስለኛል። ይህ ከሁሉም ይብስብኛል።

ከሐሙሱ መንገድ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ዕለት የአንጁሎ የግል ማኅደር አለበት ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ክሱ ሐሰት መሆኑን፣ ምስክሯም እኔ መሆኔን በሁለት ገጽ ጽፌ ማኅደሩ ውስጥ እንዲገባ ጠየቅሁ። ወጣቷ ሠራተኛ ባለጉዳዩ ከሦስት ዓመት በፊት ማረፉን ስነግራት ለምን እንደሚያስፈልገኝ አልገባትም፤ ደግ ልጅ ስለሆነች ግን ማኅተም አደረገችልኝ። ቅጂውን ይዤ ጉኑኖ የአንጁሎ ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። ጓሮ አጎንብሳ የምትሠራውን ትታ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አሁን ይህን ለማን ላሳየው?» አለችኝ።

 ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ፤ አልቀበልም ስላት በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዕድሜዬ ሲገፋ ቁጣው ይለቀኛል ብዬ ነበር። ሰዎችም ተይው፣ አልፏል ይሉኛል። አላለፈም። ያቺን «ይመስላል» የምትል ቃል የሚቆርጧት ዛሬም እየቆረጧት ነው፤ ወረቀቱ ቀርቶ ስልክ ሆነ እንጂ። እኔም ጠዋት ተነስቼ እሰግዳለሁ፤ ግንባሬን መሬት ላይ ሳደርግ የምለምነው ምሕረት ነው፣ ቁጣዬ እንዲበርድልኝ ግን አንድም ቀን ለምኜ አላውቅም።