ወንዙ በሚሞላበት ወር

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ከእጮኛዋ ጋር መጥታ፣ ድግስም ዘመድም ሳይኖር ሁለት ሆነው ሜዳ ላይ ቃል ኪዳን ሊገቡ እንዳሰቡ ነገረችኝ። «የትኛው ወር ይሻላል፣ አክስቴ? መስከረም አበባው አለ፤ ጥቅምት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል» አለች። ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩ ላይ የአየሩን ሁኔታ ያያል። ደሜ ፈላ። «ወሩን ተይውና ልጁን ወንዝ ዳር ወስደሽ እይው» አልኳት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በደርግ ጊዜ ነው። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነ ቀበሌ፣ ከወላጆቼና ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር። በእኛና በአስፋልቱ መካከል ወንዝ አለ። በበጋ ፍየል ጉልበቷን ሳታርስ ትሻገረዋለች፤ በክረምት ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ግንድ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። አባቴ ለመጪው ጥር ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል፤ ሁለት ጥማድ በሬ ላለው፣ በዕድሜ ከእኔ ይልቅ ለአባቴ ለሚቀርብ ሰው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ልቤ የሄደው ከልማት ሠራተኛው ጋር ነበር። ከሌላ አገር ተመድቦ መርሳ የሚኖር፣ እኛ ዘንድ እየመጣ እርከን የሚያሠራ ሰው ነው። መሠረተ ትምህርትም ያስተማረን እሱ ነው። ሌላውን ሰው ከ«ሀ» ሲያስጀምር፣ እኔን መጀመሪያ ስሜን አጻፈኝ። በዚያው ተሸነፍኩ። አንደበቱ እያሳሳቀ እንደ ውሃ ይወስዳል። አብረን እንጠፋለን፣ ወልድያ ሄደን እንፈራረማለን፣ ከዚያ ጥር ሲመጣ አባቴ የሚድራት ሙሽራ አትገኝም ተባባልን።

ከዚያ ወር መምረጥ መጣ። ሰባት ወር ሙሉ ወር መረጠ! ደብተሩን አውጥቶ ያሰምራል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ያሰምራል። ከፊርማው በፊት መስክ ላይ፣ አበባ መሃል ቆመን ቃል እንድንገባና ከወልድያ የመጣ ፎቶ አንሺ እንዲያነሳን ይፈልጋል። ለዚያ መስከረም ነበር ጥሩ፤ ግን መስከረም ማሽላ ጠባቂው ሁሉ ማማ ላይ ነው፣ ከማማ ምን ይሰወራል? በኅዳር አውድማው ሰው ሞልቶታል፣ ቀጥሎ ጾም ይገባል። ሚያዝያ ይሞቃል አለ። ይሞቃል! ግንቦት ደግሞ የእርከን ዘመቻ ስላለበት አለቆቹ ይፈልጉታል። «እኔን በጥር ሊወስዱኝ ነው እኮ» ስለው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለኛል። እኔ ነኝ የምፈሰው፣ እሱ ተረት ይተርታል።

በመጨረሻ ሐምሌ ላይ ዓይኑ በርቶ መጣ። «ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ሲፈታ» አለ። «ወንዙ ጠዋት ጎድሎ ይቆያል፣ ከሰዓት ጎርፍ ይመጣል። አንቺ በጠዋት ትሻገሪያለሽ፣ እኔ ከገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ጋር ሥራዬን ጨርሼ ቀትር ላይ እከተልሻለሁ። ጎርፉ ከኋላችን ይዘጋዋል። ወንድምሽ ዱላውን ይዞ ማዶ ይቀራል።» አበባውስ ስለው «አበባው ይቅር» አለ። ያኔ ወንድ መሰለኝ።

በቀጠሮው ቀን ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ ብዬ እህሉን ተሸከምኩ፤ ከእህሉ ሥር ቀሚሴ አለ። ውሃው ጉልበቴ ጋ ነበር። ተሻግሬ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። ኬላ የሚያሳልፈን የይለፍ ወረቀት እኔ ጋ ነው፤ ባልና ሚስት ብሎ አስጽፎ ሰጥቶኛል። ያን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም፤ ማንበብ ከቻልኩ ገና ዓመትም አልሞላኝም ነበር።

ቀትር አለፈ። ደጋው ጠቆረ። ኋላ እንደገባኝ፣ ሥራው ቀድሞ አልቆለት ነበር፤ ጎርፉ ልክ ከኋላው እንዲዘጋ ብሎ ደመናውን እየለካ ይጠብቅ ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርስ ውሃው መደፍረስ ጀምሯል፤ ጭራሮና አረፋ ይዟል። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ሮጦ መሻገር ይቻላል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን አይቻልም።

«ግባ! አሁን ግባ!» ብዬ ጮህኩ።

መዳፉን አንስቶ «ቆይ» አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ። ካልሲውን አወለቀ፣ አጣጠፈ፣ ጫማው ውስጥ ከተተ። ሱሪውን ጠቀለለ፤ አንደኛው እግር ከሌላኛው ከፍ ሲልበት ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። እኔ ማዶ ሆኜ እጮሃለሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከዚያ ያ የማውቀው ጉርምርምታ ከላይ መጣ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ በመካከላችን ግንድ ያለፈው እሱ ገና ድንጋዩ ላይ ሳለ ነው። ተነስቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

ወዲያው ወንድሜ እየሮጠ ደረሰ። ዱላ አልያዘም፣ ገመድ ይዟል። እናቴ ሰማዩ ሲጠቁር «ሂድ፣ እህትህን አሻግራት» ብላ ልካው ኖሯል። ስለ መጥፋታችን አንዳች አያውቅም። ሰውዬው በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። ወንድሜ ወደ እኔ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀው፤ የሚሉት በጎርፉ ጩኸት አይሰማኝም። ሰውዬው ወደ እኔ አየና ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ደብተሩን ገልጦ አቀረቀረ።

ወንድሜ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ሌላውን ጫፍ ግራር ላይ አሰረው፤ ለዚያ ሰው አልሰጠውም። ወንድሜ ሰው ያውቃል። ከዚያ ገባ። ጭኑ ድረስ፣ ወገቡ ድረስ። «ተመለስ! በናትህ ተመለስ!» ብል አይሰማኝም። ውሃው ጣለው፣ አንዴ ጠለቀ፣ ገመዱ ይዞት እየተጎተተ ዳር ወጣ። እያሳለ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ውሃው እስኪጎድል ጠብቂ ማለቱ ነው። ያኛው ከግራሩ ሥር ቆሞ ያያል። ካልሲው እንኳ አልረጠበም።

ስሸሸው የኖርኩት ውሃ ገባልኝ፣ የምሸሽለት ደረቅ ላይ ቆመ። ውሃው ሲጎድል ወንድሜ መጥቶ ይወስደኛል፤ ቤት ደግሞ ጥር ይጠብቀኛል። እህሌን አንስቼ ለወንድሜ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከዓመት በኋላ ሲያገኘኝ ወንድሜ አልተቆጣኝም፤ «እስኪጎድል ጠበቅሁሽ እኮ» ብቻ አለኝ። በሰውዬው ንዴቴ ያልበረደው አንዱ በዚህ ነው። ጀርባዬን መስጠት የነበረብኝ ለዚያ ሰው ብቻ ነበር።

ከመርሳ በጭነት መኪና ወጣሁ። ወልድያ መግቢያ ኬላ ላይ ጠባቂው ወረቀቴን አየና «ባልና ሚስት ይላል፤ ባልሽስ?» አለ።

«ጎርፍ ወሰደው።»

ጠባቂው ፊቱ ተለወጠ። «ነፍስ ይማር። አብሽሪ እቴ» ብሎ አሳለፈኝ። አሜን አልኩ፣ ከልቤ።

አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት እየጠመቅሁ ልኖር ተጠጋሁ። ለእሷም ባሌን ውሃ እንደበላው ነገርኳት፤ አንድ ቀን አብራኝ አለቀሰች፣ እኔም በንዴት አለቀስኩ።

መስከረም ሲጋመስ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጫማው ተወልውሏል፣ በእጁ አደይ አበባ ይዟል። «አሁን ነው ጊዜው» አለኝ። «ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይደርስም፣ መስኩ ቢጫ ሆኗል። ፎቶ አንሺውንም አነጋግሬዋለሁ።»

«ያን ቀን ወንድሜ ምን ብሎ ጠየቀህ?»

አበባውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። «ማንን እየጠበቀች ነው አለኝ። ምን ልበለው? ማንን እንደምትጠብቅ አላውቅም አልኩት። ለአንቺው ብዬ እኮ ነው።»

የቤቷ እመቤት ከጓዳ «ማን ነው?» አለች።

«እንጃ እትዬ» አልኳት። «ማንን እንደሚጠብቅ አላውቅም።»

በሩን ዘግቼ ወደ ጋኑ ተመለስኩ።