በኦቦ አማን መስክ ሳትመታ የቀረችው ኳስ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ቴሌቪዥኑ ጎልፍ ያሳያል። ጎረምሶቹ ሳቁ። «ለዚች ኳስ ነው ይኼ ሁሉ ሰው የሚያጨበጭበው?» አለ አንዱ። እኔ አልሳቅኩም። ወርቅነህ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ እኔና ወርቅነህ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂዎች ነበርን። እሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ልጅነቱን በጎልፍ ክለብ የጌቶችን የዱላ ከረጢት ሲሸከም አሳለፈ። ሸካሚ ኳስ መምታት አይፈቀድለትም። ምኞቱ አንዲት ነበረች፤ ሳይሞት አንድ ዙር ራሱ መጫወት። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ ጎልፍ ይሁን ጎመን አላውቅም። ሲያወራው ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በጋውን ሙሉ አቀድን። ዱላውን ከወይራ ጠረብን፤ ኳሷን ለገና ጨዋታ እንደሚደረገው ከእንጨት ሥር አድቦለቦልን። ሜዳችን ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የኦቦ አማን መስክ ሆነ። ፈረሶቻቸው ግጠው ግጠው ምንጣፍ አስመስለውታል።

«ኳስ ነው? ተጫወቱ። ፈረሶቼን ብቻ እንዳትመቱብኝ» አሉን።

ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድም ፍልፈል ቆፍሮ ጨርሶልናል። «አዲስ አበባ ይህን የሚቆፍር ሰው ደሞዝ ነበረው» ብሎ ወርቅነህ አሳቀኝ።

የበልጉ ዝናብ እንደ ጀመረ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በየጉድጓዱ አጠገብ እንጨት ቸከልን። ወርቅነህ ባንዲራ ከሌለው ጎልፍ አይባልም ብሎ፣ ከአብዮት በዓል የተረፈ ቀይ ጨርቅ ቀዶ በየእንጨቱ አሰረ። ፀሐይዋ አልጠለቀችም። ካፊያ የነካው ሣር ይሸታል።

«በል አንዷን ምታ» አልኩት።

«በደንቡ ነው እንጂ! ነገ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ።»

«ነገን ማን አየው?»

«አንተ ደግሞ! ጌቶቹ እኮ በማታ አይጀምሩም።»

በግትርነቴ አገር የሚያውቀኝ ሰው፣ ያን ቀን እሺ አልኩ።

እሑድ ጠዋት ለስንቅ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቋጥረን ስንደርስ መስኩ ጠቁሯል። ኦቦ አማን ከነጎረቤቶቻቸው በሬ ጠምደው ያርሳሉ። ሲያዩን አቁመው መጡ።

«ልጆቼ፣ አፉ በሉኝ፤ ጨዋታችሁን አበላሸሁ። ትናንት ካድሬዎቹ መጥተው በቀይ ጨርቅ ቸክለውበታል። መንደር ሊመሠርቱበት ነው። የታረሰ መሬት ላይ ቤት አይሠሩም ሲባል ሰማን፤ ታዲያ ምን ላድርግ?»

እውነታቸውን ነው። ያኔ ገበሬው ከየቀዬው እየተነሳ በአንድ መንደር ይሰፍር ነበር። መጀመሪያ የሚመጣው ችካል ነው፤ ሰውም ችካል ሲያይ ሌላ ነገር አያስብም። እኛ ግን አላሰብነውም።

ወርቅነህ የጭኮውን ቋጠሮ መሬት አስቀመጠ። «ኦቦ፣ ካድሬ አልመጣም። የቸከልነው እኛ ነን።»

ሽማግሌው ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ቀጥሎ የወርቅነህን ፊት አዩና ትልሙ ላይ ቁጭ አሉ።

«ወላሂ፣ ፈረሶቼ ምን ይግጡ?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻል ነበር።

ሌላ ሜዳ እንፈልግ ስለው ወርቅነህ «ደግሞ በማን ሣር?» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የጎልፍን ነገር አላነሳም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ እርሻ አዛወሩት። ከዓመታት በኋላ መሞቱን ሰማሁ።

ያቺን ቅዳሜ አንዷን መትቶ ቢሆን መስኩ መታረሱ አይቀርም ነበር። እሱ ግን አንዷን እንኳ መትቶ ይሞት ነበር። ደንብ የሚለው የእነዚያን የጌቶችን ደንብ ነው፤ ጌቶቹ ያኔ የት ነበሩ? ይህን ልለው ይገባኝ ነበር፤ የመጣልኝ ግን አሁን ነው።

ዛሬ ሰው «ነገ ይደረጋል» ሲለኝ እጣላለሁ። ልጆቼ «ሽማግሌው ሲያረጅ ችኩል ሆነ» ይላሉ። ይበሉ።